ኅዳር ዐሥራ አራትና ማግስቱ

አዳማ፣ ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ የግራው፣ ብርድ ሲገባ የሚነዝርሽ፣ እንዴት ሆነልሽ? ዘንድሮ ብርዱ ቀደም ብሎ ስለገባ እሱን እያሰብኩ ነው የከረምኩት። የግፊት መድኃኒትሽን ጠዋት ጠዋት ትወስጃለሽ? ጠዋት ስትረሺ ማታ ሁለቱን አንድ ላይ እንደምትውጪ ተከራይሽ ሃዊ ነግራኛለች። በእሷ እንዳትቆጪ፤ እኔ ነኝ እየደወልኩ የማስለፈልፋት።

እኛ ደህና ነን ማለት ልማድ ነውና ደህና ነን። አማችሽ ወዬሳ እንደምታውቂው ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰው ዕቃ ሲያስለቅቅ ውሎ ማታ አቧራውን ተሸክሞ ይገባል። የልጅ ልጅሽ ኢፍቱ ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሰሞኑን ግን ብዙም አልሳቀችም። ስለ እሷ ነው የምጽፍልሽ፤ ስለ እኔም።

የወንድሜን የጋሮምሳን ሙት ዓመት ቀርቼብሻለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጎድዬ የማላውቀውን፣ ዘንድሮ በስልክ «ሥራ በዛብኝ» ብዬሽ ቀረሁ። አንቺም «እሺ፣ ሥራሽ ይባረክ» ብለሽ ዘጋሽው። እንደዚያ ስትመርቂኝ ከስድብ በላይ እንደሚያቃጥለኝ እያወቅሽ ነው። ሥራ አልበዛብኝም እማዬ። የቀረሁበትን ምክንያት ለመናገር ግን ስምንት ዓመት የደበቅኩሽን ነገር አብሬ መናገር አለብኝ። በስልክ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። «አቤት ልጄ» ስትይኝ ወኔዬ ይከዳኝና ስለ ዝናቡና ስለ ቲማቲሙ አውርቼ እዘጋዋለሁ።

ስለዚህ በወረቀት ይሁን። መነጽርሽን አድርገሽ፣ መሠረተ ትምህርት ላይ እንደለመድሽው ጣትሽን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሽ፣ ለብቻሽ አንብቢው። ሃዊ እንዳታነብልሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ» ብትይኝ አልከራከርሽም። የምለምንሽ ልጅቷን ከእኔ ለይተሽ እንድታያት ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ላይ የማነበውን ታውቂዋለሽ። መቂ ድረስ ስለሚሰማ «ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው ገደልሽ?» እያልሽ ትቀልጂብኛለሽ። በዛሬው ቀን ማን ሞተ፣ ምን ሆነ፣ ማን ተወለደ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። አለቃዬ ዲበኩሉ በዚህ ነገር አንድ ሕግ አለው። የሞተው መጀመሪያ፣ የተወለደው መጨረሻ ይነበባል። ሰው ቁርሱን በልቶ ከቤቱ ሲወጣ ሬሳ ተሸክሞ አይውጣ ይላል። ኅዳር 14 ግን ለዲበኩሉ ሕግ አይመችም። በ1967 ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑት ያን ቀን ነው፤ በማግስቱ ሬዲዮው ስማቸውን ሲያነብ አባትሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆመው እንደሰሙ ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ። በ1973 ጣሊያን አገር ምድር ተንቀጥቅጦ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ያለቀው ያን ቀን ነው። በ1989 የእኛው አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ የወደቀው ያን ቀን ነው። ይህን ሁሉ በየዓመቱ ደህና ድምፅ አውጥቼ አነብና፣ ማይኩን ዘግቼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ በሚኒባስ ወደ አንቺ እመጣለሁ። የማላነበው አንድ ሞት ነበረ፤ እሱን ታውቂዋለሽ። የማላነበው አንድ ልደትም ነበረ።

ኢፍቱ የተወለደችው ኅዳር 14 ነው እማዬ። 15 አይደለም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል። ጋሮምሳ ከመሞቱ በፊት ልጅቷ ተወልዳ፣ ታጥባ፣ ጡት ይዛ ነበር። እኔ ግን መርዶውን ሰምቼ ደንግጬ በማግስቱ እንደወለድኩ ነው ያስነገርኩሽ። አንቺም ቀብሩ ላይ ለምን አልተገኘችም ለሚሉት ሁሉ ተከራከርሽልኝ። «ልጄ በሐዘን አማጠች» እያልሽ፣ ከራስሽ ሐዘን ላይ ቀንሰሽ ለእኔም አለቀስሽልኝ። ያ ለቅሶ አይገባኝም ነበር። ወስጄ ዝም አልኩ።

የሆስፒታሉ የክትባት ካርድ ላይ ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ ነው፤ 24/11/2015 ይላል። የፈረንጁን ወደ እኛ መመለስ ደግሞ የዕለት ሥራዬ ነው። በሌላው ጊዜ ኅዳር ላይ የፈረንጁ 24 ከእኛ 15 ጋር ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን በማግስቱ የሚገባው ዓመት አንድ ቀን ይንሸራተትና 24ቱ የእኛ 14 ላይ ይቀመጣል። 2008 እንዲያ ያለ ዓመት ነበር። ይህን አሳምሬ እያወቅሁ፣ ቀበሌ ሄጄ እንደ ማንም ሰው 15 ብዬ አስመዘገብኳት። ወዬሳ እውነተኛውን ቀን ያውቃል፤ «ልጅቷ ከሞት የተለየ የራሷ ቀን ይኑራት» አልኩት፣ እሺ አለኝ። አንድ ጊዜ ዲበኩሉ በጣቱ አስልቶ ደረሰበትና «አንቺ ደግሞ! የአገሩን ቀን ሁሉ እያቃናሽ የገዛ ልጅሽን ቀን ትሳሳቻለሽ?» ብሎ ቢሮውን ሙሉ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅኩ። መሳሳት ከመዋሸት ይሻላል ብዬ ነው፤ ተሳስቼ አልነበረም።

15 ባዶ ቀን አልነበረም። ድንቅነሽ አፋር በረሃ ውስጥ የተገኘችው በ1967 ኅዳር 15 ነው፤ ስልሳዎቹ በተረሸኑ ማግስት። ለኢፍቱ «አንቺና ድንቅነሽ በአንድ ቀን ነው የመጣችሁት» እያልኩ አሳደግኳት። እሷም ለሰው ሁሉ ትናገራለች፤ እንደ አክስቷ ነው የምትቆጥራት። የነቢያት ጾም የሚያዘው ያን ቀን ስለሆነ በየዓመቱ የምቆርስላት የጾም ኬክ ነው። አምና «ድንቅነሽም በልደቷ የጾም ነው የምትበላው?» ብላ አሳቀችን። ከሙት ዓመቱ ስመለስ በፌስታል ጠቅልለሽ የምትሰጪኝን ቀሚስም፣ «ዛሬውኑ አልብሻት» ብትይኝ እንኳ፣ አንድ ሌሊት ቁም ሣጥን ውስጥ አሳድሬ በ15 ነበር የማለብሳት።

አምና ጳጉሜን ስድስት እንደነበረች ታስታውሻለሽ። ከአራት ዓመት በፊትም ነበረች፤ ያኔ ግን ኢፍቱ ቁጥር አታነብም። ዘንድሮ ታነባለች። ያለፈው ማክሰኞ አስተማሪዋ የልጆቹን ልደት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ የክትባት ካርዳችሁን አምጡ ብላቸዋለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እሷ መሳቢያ ከፍታ ካርዱን አውጥታለች፤ ወንበር ላይ ወጥታ ከግድግዳው ካላንደር ላይ ኅዳርን ፈልጋለች። ያ ትልቁ ቁጥር የእኛ፣ ጥግ ላይ ያለው ትንሹ የፈረንጅ የሆነው ካላንደር ነው፤ አንቺም ቤት አለ። ትንሿን 24 ስትፈልግ 14 ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። «እማ፣ ይሄ ካላንደር ተሳስቷል» ብላ ጠራችኝ። አዎ ተሳስቷል ብላት ያልፍ ነበር። አላልኳትም። ቢላውን ይዤ ቆምኩ፤ እሷም ፊቴን አየች። 14 ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለች፤ እናቷ ጥቁር ለብሳ መቂ የምትሄድበት ቀን ነው።

ያን ማታ እራቷን አልበላችም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሸኛት መንገድ ላይ ቆመችና አጎቴ የሞተው እኔ ስለመጣሁ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። አንድ ቀን ለሁለት ሰው አይበቃም እንዴ፣ ቦታ ሊለቅልኝ ነው የሄደው? አለች። እማዬ፣ ከዚህ በላይ የጎዳኝ ነገር የለም። ከዚያ ደግሞ መቂ ሁለተኛ አልሄድም፣ አያቴ ሳታውቅ ነው የምትስመኝ፣ ብታውቅ አትስመኝም አለች። ሐሙስ ትኩሳት ያዛት። ዓርብ 14 ነበር። ስልሳዎቹንም አውሮፕላኑንም አንብቤ ለአንቺ ያን ውሸት ደወልኩና ወደ ቤት ሮጥኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘኋት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን፣ ወዬሳም የማያውቀውን፣ ለስምንት ዓመት ልጅ ነገርኳት። አሁን ለአንቺ እነግርሻለሁ።

ልጅቷ ከቀኗ ሁለት ሳምንት ቀድማ ነው የመጣችው። አንቺ ገና የገንፎውን እህል እያስፈጨሽ ነበር። ወዬሳ ለሥራ ጅቡቲ ወርዷል። ሆስፒታል ያደረሰችኝ ጎረቤቴ ጫልቱ ናት፤ እሷም ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታደርስ ተመልሳለች። ወልጄ ብቻዬን ተኛሁ። ከጎኔ ያሉት ሴቶች ዙሪያቸውን ሰው ሞልቶታል፤ አጥሚት ይዞ የሚገባው፣ እልል የሚለው። እኔ የልጄን ፊት የማሳየው ሰው አጣሁ። ለጋሮምሳ ደወልኩለት። ደስ ብሎት ጮኸ፤ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ። ለእማዬ እንዳትደውዪ፣ በዓይኔ አይቻት ተመልሼ እኔው ነኝ የማበስራት፣ ብሥራቷ የእኔ ነው አለኝ። ከዚያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጭን እንዳደረ፣ ዓይኑ እንደተጨፈነ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ጋደም ብሎ እንደሚመጣ ነገረኝ። ምን አልኩት መሰለሽ? «ተኛ፣ ተኛ። እኔም ወንድም ያለኝ መስሎኝ ነበር» አልኩት። ስልኩንም ዘጋሁት። ወዲያው መልሶ ደወለ። እየሳቀ ነበር። «አትቆጪ በቃ፣ መጣሁ» አለ።

ማታ አዲስ አበባ ሊያደርሰው የነበረውን ቲማቲም እንደተጫነ አይሱዙውን አስነሣ፤ ልጅቷን ስሞ፣ ለአንቺ አብስሮ፣ ከዚያ ጉዞውን ሊቀጥል። ዓለም ጤናን አልፎ ቆቃ ሳይደርስ እንቅልፍ ጣለው። ሞጆ መገንጠያው ላይ ስላልደረሰ ወዴት ሊታጠፍ እንደነበር የነገራችሁ አልነበረም። መኪናው ላይ ቲማቲም አለ፤ ሁሉም ወደ ግራ፣ ወደ አዲስ አበባ ነው አለ። ወደ ቀኝ ነበር እማዬ። ወደ እኔ ነበር። 14 ወለድኩ ብልሽ «ታዲያ አንቺን ሊያይ ነበር ወይ የሚመጣው?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ነው ቀኑን የቀየርኩት። ለልጅቷ ብዬ ነው የምለው ውሸት አይደለም፤ ግን ሁለተኛው ምክንያት ነው። የመጀመሪያው እኔው ነኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ኦሊቃ፣ ቲማቲሙን ስላስጫነው ደላላ። ቀብር ላይ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ «ልጄን ለቲማቲም ብለህ ገደልከው» እንዳልሽው ነግረውኛል። እሱም አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ እሱ የደለለውን ሽንኩርት እንኳ አትገዢም፤ በእድር ድንኳን እሱ ካለበት ጥግ አትቀመጪም፤ ቤታችሁ በሁለት አጥር ተራርቆ የእግዜር ሰላምታ የላችሁም። ኦሊቃ ያን ቀን ጋሮምሳን አላጣደፈውም። ከመጫኛው ጥላ ሥር ጆንያ አንጥፎለት ተኛ ብሎት ነበር። ጋሮምሳ ግን «እህቴ ወልዳ ጠርታኛለች» ብሎት ነው የተነሣው። ኦሊቃ ይህን ይዞ ነው ቀብር ላይ ዝም ያለሽ።

ትናንት እሑድ ደወልኩለት። ለእናቴ ልነግራት ነው አልኩት። «ዲሲ፣ ኢንታላ ኮ። ተዪው ልጄ» አለኝ። ያኔ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። አራስ ነበርሽ፣ በአራስ ላይ ስም አይነሣም ብዬ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያስ? አልኩት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቆየ አለ፤ እናትሽ የሚቆጡት ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ እኔ ለምጄዋለሁ አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ነው። አለቀስኩ። አርጅቷል እማዬ፤ ድምፁ ደክሟል። እኔን ይቅር ብትይኝም ባትይኝም የእሱን በር አንኳኪለት። ይህን ሌላ ሰው አያደርግልኝም።

ኢፍቱ ነገሩን ሁሉ ሰማችኝ። ስጨርስ ፊቷን አዞረች። እኔ የጠበቅኩት «አንቺ ነሻ!» ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ቦታ ሊለቅልኝ አይደለማ። ሊያየኝ እየመጣ ነበር» አለች። ብዙ ጊዜ መላልሳ አለችው። ከዚያ ራበኝ አለችኝ። ዕለቱ የዓርብ ጾም ቢሆንም፣ ታማለች ብሎ ወዬሳ ከሞጆ ሲመለስ ቅቤ ያለበት ኬክ ይዞ ገባ፤ በተወለደችበት ቀን የቆረሰችው የመጀመሪያዋ ነው። ድንቅነሽን ማጣቷ ግን ከንክኗት ነበር። በፈረንጁ ካየሽው የሁለታችሁም ቀን 24 ነው፣ በፈረንጁ ከድንቅነሽ ጋር፣ በእኛ ከአጎትሽ ጋር ነሽ አልኳት። ይህ በእርግጥም እውነት ነው፤ ስምንት ዓመት ሳሰላ ከርሜ አንድ እውነት ነው የተረፈኝ።

የፊታችን ቅዳሜ፣ ኅዳር 22፣ እሷን ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ እንሄዳለን፤ ከዚያ ደጅሽ ላይ እንቆማለን። እኔን ማየት ካልፈለግሽ አጥሩ ውጭ እጠብቃታለሁ፤ ቂም ይዤ አይደለም። እሷን ግን አስገቢያት። ስታቅፊያት ብታለቅሺም ግድ የለም፣ ታውቃለች፣ አትደነግጥም።

አቡነ አረጋዊ ይጠብቁሽ። እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ዕድሜ ጨምሮ ጨማምሮ የኢፍቱን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። በልጅሽ ያየሽውን በልጅ ልጅሽ አያሳይሽ። ወዬሳ «ጌታ ይባርክዎት» ብሎሻል፤ የሚጻፈውን ግን አላሳየሁትም፣ ለእሱም ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።

ልዘጋው ስል ኢፍቱ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ለአያቴ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለች። ያን ቀን አጎቴን የጠራሁት እኔ አይደለሁም በያት፣ እኔ ያኔ ገና መናገር አልችልም ነበር በያት አለችኝ። ይኸው ጨመርኩልሽ። እውነቷን ነው።

የጠራሁት እኔ ነኝ፣

ልጅሽ